የእትዬ ቆርጣሚ ጥርስ

እትዬ ቆርጣሚ ስሟን ያወጡላት እናትና አባቷ አይደሉም፤ በቆሎ ነው። የመዝገብ ስሟን ራሷም የምታስታውሰው ወረቀት ላይ ፈርሚ ስትባል ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ታስባለች። ስልሳውን ካለፈች ሰንብታለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ምላሷ ግን ከቁመቷ ይረዝማል። አንገቷ ላይ በጠፍር የታሰረ ቁልፍ ይንጠለጠላል፤ የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ቁልፍ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ አንገት ወርዶ አያውቅም። ባሏ ታዲያ "ይሄ ቁልፍ ደረቴን ወግቶ ጨረሰኝ" እያለ ለሰው ሁሉ ስሞታ ያሰማል።

መጋዘኑ ረጅም የጭቃ ጡብ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለቱ መስኮቶቹ በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ፣ ወለሉ ላይ ጆንያ መሬት እንዳይነካ የእንጨት ርብራብ የተነጠፈበት። ስልሳ አራት ቤተሰብ በቆሎውን ከአጨዳ በኋላ እዚያ ያስገባል። ግማሹ አሮጌው አልቆ አዲሱ እስኪደርስ ላሉት ክፉ ወራት ነው፤ ግማሹ ለመጪው ዓመት ዘር። በየቤቱ የሚቀመጠውማ አይጥና ነቀዝ ተካፍለውት ለሰው የሚደርሰው እፍኝ ነው። ስለዚህ ያ መጋዘን ደህና ከሆነ መንደሩ ይበላል፤ ካልሆነ አይበላም። ነገሩ ይህንኑ ያህል ቀላል ነው።

እርጥብ በቆሎ ደግሞ ክፉ እንግዳ ነው። ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ከዚያ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። አንድ እርጥብ ጆንያ አሥር ደረቅ ጆንያ ያበላሻል። ይህን ለመከላከል በዚያ መንደር የነበረው መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእትዬ ቆርጣሚ የቀኝ መንጋጋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሹል የብረት ቧንቧዋን ጆንያው ሆድ ድረስ ትሰደዋለች፤ ከመሃል አንድ ፍሬ ታወጣለች፤ መንጋጋዋ ላይ ታስቀምጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። በዚያች ሰዓት የሚያወራ ሰው ካለ ወዮለት። ፍሬው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ "ይግባ" ትላለች። ድምፅ ሳያሰማ ከተደፈጠጠ ግን "ፀሐይ ይጠጣ" ትላለች፤ ባለቤቱም ጆንያውን አህያው ላይ መልሶ ጭኖ ወደ ማስጫው ይመለሳል። ባሏን ያገባችውም በዚሁ መንገድ ነው። ወጣት ሳለ በቆሎውን ሦስት ጊዜ መለሰችበት። በአራተኛው "ይግባ" ስትለው ከበሩ ላይ አልነቃነቅ አለና፣ "በቆሎው ብቻ ነው ወይስ እኔም ልግባ?" አላት። ያን ጊዜ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን መልሱ ነው።

በጥርሷ ላይ የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ ከአንዱ በቀር። እሱም በሀገሩ ሁሉ ይግባኝ ተብሎ የሚጠራው ገበሬ ነው። ይግባኝ በየዓመቱ እርጥብ ያመጣል፤ በየዓመቱ ይመለሳል፤ በየዓመቱም የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄዶ ይጮሃል። "አሥር ቀን ሙሉ አስጥቼዋለሁ! ይቺ ሴትዮ ጥርሷ ውስጥ አስገብታኛለች እኮ!" ሊቀመንበሩ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያለው፦ "ጥርሷ ካለ አለ።" ይግባኝም እየተራገመ በቆሎውን ፀሐይ ያጠጣል፤ በሦስተኛው ቀን ይመልሰዋል፤ ይገባለታል።

እንግዲህ ሰው የማይመክተው ጠላት አለ፤ ዕድሜ ይባላል። የእትዬ ቆርጣሚ መንጋጋዎች ለሠላሳ አንድ ዓመት በቆሎ ሲሰብሩ ኖረው አንድ በአንድ መሰናበት ጀመሩ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ከተማ ያለው የጥርስ ሐኪም ነቀላቸውና ነጭ፣ እኩል እኩል የሆነ፣ ከላይም ከታችም የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገጠመላት። ይህን ያወቀው ባሏ ብቻ ነው። ለጎረቤት "ጉልበቴን ልታይ ነው የሄድኩት" አለች፤ ወሬው እንዲያምር ደግሞ አንድ ሳምንት አነከሰች። ችግሩ አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ ማነከሷ ነበር።

ለምን ደበቀችው ቢባል ፈርታ ነው። ሌላ ሙያ የላትም። የማይቆረጥም ቆርጣሚ ምን ይሠራል? ቁልፉን ነገ ለሌላ ሰው ቢሰጡትስ? ይህን ለባሏ እንኳ አልነገረችውም፤ እሱ ግን ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ስትቀመጥ አይቶ ገብቶታል።

በዚያው ሰሞን የግብርና ባለሙያዋ መጣች። በሞተር ብስክሌት የምትዞር፣ የጫማዋ ጭቃ የማይደርቅ ወጣት ሴት ናት። አንድ ባዶ የመስተዋት ጠርሙስና ትንሽ ደረቅ ጨው ይዛ ማኅበርተኛውን ሰበሰበች። በቆሎና ጨው ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረች፤ ክዳኑን ዘጋች፤ ናጠችው።

"ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ ደረቅ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው" አለች።

እትዬ ቆርጣሚ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ "ልጄ፣ ጨዉን ለድስቴ ተዪልኝ" አለቻት። "እኔ ጠርሙስ አልቆረጥምም።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያዋም አብራ ሳቀች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ስትሄድ ግን ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ትታው ሄደች። "እንዲያው እዚህ ይቀመጥ፣ እትዬ። ቦታ አይዝብዎትም።"

ዱሮ ዝናብ ቀኑን ያውቅ ነበር። መምጫውንም መሄጃውንም። አሁን አሁን ግን እንደ ሰካራም እንግዳ ሆኗል፤ ሲጠበቅ ይቀራል፣ ሊተኛ ሲባል በር ያንኳኳል። በዚያ ዓመት መዝራት ላይ ሦስት ሳምንት ዘገየ፤ በቆሎው ተሰብስቦ ሊሰጣ ሲል ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሳያቋርጥ ወረደ። ሰው ያገኛትን ፀሐይ በሸራ በሸራ ተሻምቶ፣ ፈልፍሎ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ወደ መጋዘን ሮጠ።

እትዬ ቆርጣሚም በሩ ላይ ቆመች። በአዲሱ ጥርሷ የመጀመሪያዋ የመረከቢያ ቀን ነው። የመጀመሪያውን ፍሬ መንጋጋዋ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ነከሰች።

ቀጭ።

እፎይ! "ይግባ!" አለች። ሁለተኛው፣ ቀጭ። ሦስተኛው፣ ቀጭ። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። የሐኪሙ እጅ ወርቅ ነው እያለች በልቧ መረቀችው። ይግባኝ ስድስት ጆንያውን ጭኖ ሲመጣ፣ ለክርክሩ አፉን አሟሽቶ ነው የመጣው። ቀጭ። "ይግባ!" ይግባኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሐሳቧን ሳትለውጥ ጆንያዎቹን እየገፈተረ አስገብቶ ዞር ሳይል ሄደ። በሦስት ቀን ሁለት መቶ አርባ ጆንያ ገባ። አንድም አልተመለሰም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት መጋዘኑን ስትከፍት ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት። ሳይደርቅ ተጠቅልሎ የሰነበተ ልብስ ሽታ ነው። ቆም አለች። ወደ ውስጥ ገብታ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታችና ክንዷን እስከ ክርኗ ሰደደችው። ሞቀ።

የሁለተኛውን ፈታች። እሱም ሞቀ። ርብራቡ ላይ ቁጭ አለች። ከእጇ ላይ አንድ ፍሬ ወስዳ ነከሰች፤ ቀጭ አለ። አውጥታ መዳፏ ላይ አየችው፤ ፍሬው እንደ ሊጥ ተደፍጥጧል፤ አልተሰበረም። ታዲያ ቀጭ ያለው ምኑ ነው? ባዶ አፏን ገጠመችው። ቀጭ። አሁንም ገጠመችው። ቀጭ። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጋር ሲጋጭ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ "ይግባ" ሲያሰኛት የነበረው በቆሎው ሳይሆን ጥርሷ ራሱ ነው።

ተነስታ ከመስኮቱ ላይ ጠርሙሱን አነሳች። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች። ለምሳዋ በወረቀት ቋጥራ ካመጣችው ጨው ቆንጠር አድርጋ ከበቆሎው ጋር ናጠችው። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ዱቄት ሆኖ ተለጠፈ። ከአሥር ጆንያ ሞከረች፤ ሰባቱ እርጥብ ነው።

ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ መምጣቱን መደበቅ አይገባም። በሩን ቆልፋ ብትሄድስ? ከወር በኋላ ሲከፈት ዝናቡ ነው ይባላል፤ ጣሪያው አፈሰሰ ይባላል። ዘንድሮ ያልተበላሸ ምን አለ? ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። በእርግጥም ቆለፈችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ባሏ ደጃፍ ላይ የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር። ፊቷን ሲያይ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ዝምታውም ጭምር።

"አንቺ ሴት፣" አላት፣ "ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው የሚባለው።"

"እርጥቡማ ነው ጉድ የሠራኝ!"

ሳቁ መጣባቸው፤ ሁለቱም ዋጡት። "ቁልፉን ይወስዱብኛል" አለች።

"ይውሰዱት። እኔም ደረቴ ያርፋል" አለና እጇን ያዘ። "ክረምት ሲገባ ግን ባዶ ድስት የሚጥዱ እናቶች ፊት እንዴት ትቆሚያለሽ? ያን አትችዪውም። እኔ አውቅሻለሁ፣ አትችዪውም።"

አልቻለችውምም። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ጎማ ቸርኬ በድንጋይ መታችው። ይህ ድምፅ ሲሰማ ወይ እሳት ነው ወይ ጎርፍ ነው፤ ሰው ከየማሳው እየሮጠ መጣ። እሷ በሩ አጠገብ ያለው የጆንያ ሚዛን ላይ ወጥታ ቆመች፤ ካልሆነ ቁመቷ አይታይም። ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና ጥርሷን፣ የላዩንም የታቹንም፣ አውጥታ በመዳፏ ይዛ ለሰው አሳየች።

ያለ ጥርስ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ፤ ባንዴ አሥር ዓመት አረጀች።

"የዘንድሮን በቆሎ የተረከበው ይሄ ነው" አለች። ቃሉ እየሾለከ ያስቸግራታል። ሁለቱን ጥርሶች በእጇ አጋጨቻቸው። ቀጭ። "በመካከሉ በቆሎ አለ? የለም። ቀጭ ሲል ግን ሰማችሁት። እኔም የሰማሁት ይሄንኑ ነው። መጋዘኑ እየሞቀ ነው። ጉልበቴን አይደለም የታከምኩት፤ ዋሽቻችኋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይኸው ቁልፉ።" ጠፍሩን ከአንገቷ አውልቃ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ከዚያ ከኋላ በኩል ሰው ተጋፍቶ ወጣ፤ ይግባኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ብድር ያለው ሰው። እትዬ ቆርጣሚ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

"እኔ ይግባኝ አለኝ" አለ።

"አሁን እንኳ ዝም በል እንጂ!" አለው ሊቀመንበሩ።

"አልልም። ዕድሜዬን ሙሉ እርጥቡን ደረቅ ነው እያልኩ ስከራከር የኖርኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ያስገባሁት ስድስቱም ጆንያ እርጥብ ነው፤ ጥፍሬ ይገባበት ነበር። አንቺ 'ይግባ' ስትይኝ ማበድሽን ወይ መታመምሽን ጠርጥሬያለሁ። ጠርጥሬ ግን ሮጬ አስገባሁት።" ፊቱን በእጁ ጠረገ። "እሷ ብቻዋን አይደለችም ያጠፋችው። የራሱ በቆሎ እርጥብ መሆኑን ሳያውቅ ያስገባ ሰው ካለ እስቲ ይውጣ።"

ማንም አልወጣም። አንዱ የእግሩን ጣት አየ፣ አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች። "የኔም..." አለ አንዱ። "የኛም ዳር ዳሩ ትንሽ..." አለች ሌላዋ። "እኛ ደግሞ ጥርሷ ካለ ብለን ነው።" ከመካከል የባሏ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ተሰማ፦ "የኔም ጥፍር ይገባበት ነበር።"

እትዬ ቆርጣሚ ከሚዛኑ ላይ ዓይኗን ወረወረችበት። "ያንተን ቤት ስንገባ እንነጋገራለን!" አለች፤ ያለ ጥርስም ቢሆን ሁሉም ገባው።

እዚያ ላይ ነው ሰው የሳቀው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳና መልሶ ሰጣት። "ወቀሳው ይደርሳል። አሁን በሩን ክፈቺ፤ ጆንያ ይውጣ።"

አራት ቀን ሙሉ መንደሩ በቆሎ ሆነ። በሸራ፣ በምንጣፍ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁሉ ተሰጣ። ባለሙያዋ ተጠርታ መጥታ እየዞረች ጠርሙስ ትንጣለች፤ ለዘር ከተለየው አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በሳምንቱ ስትፈታው ስምንቱ በቅሎ ነበር። ዘሩ ተርፏል። አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ግን አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ወርሶት ተያይዟል። ሴቶች "አጥበን እንብላው" ብለው ለመኑ። ባለሙያዋ፣ "መርዝ ነው። ቢታጠብም ቢቀቀልም አይለቅም፤ ጉበት ይበላል። ለዶሮም አይሆንም" ስትል ራሷም እንባዋ መጣ። ጉድጓድ ተቆፈረ። እህል መቅበር ክፉ ነገር ነው። እትዬ ቆርጣሚ አካፋውን ከወንዶቹ ተቀብላ የመጨረሻውን አፈር ራሷ መለሰች። ከአሥራ ዘጠኙ አራቱ የቤቷ፣ ስድስቱ የይግባኝ ነበር። ጉድለቱን ስልሳ አራቱም ቤት እንዲካፈለው ተስማሙ።

ያን ክረምት ብዙ ቤት በቀን አንዴ በላ። የልጆች አንገት ቀጠነ። ለልመና የወጣ ግን የለም፤ ዘሩንም የበላ የለም። እትዬ ቆርጣሚ በየቤቱ እየሰፈረች ስታድል የራሷን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ሰፈረች፤ ስፍሯም ጎደሎ ነበር። ጠርሙሱን እየናጠች በየሳምንቱ መጋዘኑን ትዞራለች። በቆሎ መቅመስ ተወች። ከሰው ፊትም መራቅ አበዛች፤ ሰላምታዋ አጠረ፣ ቀልዷ ጠፋ። ዝምታዋ ባሏን ከረሃቡ በላይ አሳሰበው። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው መጋዘን ጠብቆ አያውቅም።

አዲሱ በቆሎ ደረሰ። በመረከቢያው ቀን ጠዋት ሰው ከነአህያው ተሰልፏል። እትዬ ቆርጣሚ ወንበሯ ላይ፣ ጠርሙሱ ጭኗ ላይ፣ ራሷን አቀርቅራ ተቀምጣለች። ከሰልፉ ፊት የቆመው ይግባኝ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ መጥቷል። ጠርሙሱን ስታነሳ እጇን ያዛት።

"ተዪው፣ እትዬ። እርጥብ ነው። ጥፍሬ ይገባበታል።"

ቀና አለች። "አውቀኸው ነው ያመጣኸው? ታዲያ እስከዚህ ድረስ ምን አስለፋህ?"

ይግባኝ ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው ፊት እንድትመልሺኝ ነው።"

ዓይኗ ሞላ፤ አልጠረገችውም። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቧንቧዋን አነሳች፤ ጆንያው ሆድ ድረስ ሰደደችው። አንድ ፍሬ አወጣች፣ መንጋጋዋ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሰልፉ ሁሉ ጸጥ አለ። ነከሰች፤ ቀጭ ሲል እስከ ኋላ ያለው ሰው ሰማው።

"ፀሐይ ይጠጣ!" አለች፣ እንደ ዱሮዋ ጮክ ብላ።

ይግባኝ አንድ ቃል አልተከራከረም። አህያውን አዞረ።